ለጎበዟ ታካሚ የተላከ የሽልማት ጥሪ

ለክብርት የነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተር
የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ በሽልማቱ በዓል ላይ የማትገኝበትን ምክንያት ስለማስረዳትና የሰጠሁት ምስጋና እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። ልብዎ ሳያመነታ እንዲመታልዎ፣ ደምዎ በሚገባው መንገድ ገብቶ በሚገባው መንገድ እንዲወጣልዎ፣ ትራስዎ እንዲመችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራስዎ ክፍል አልጋ ይዘው በራስዎ ሠራተኞች እጅ እንዳይወድቁ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ለክፉ ጠላቴም ጭምር ስለምመኘው ለእርስዎ ብቻ የተደረገ ውለታ አድርገው አይቁጠሩብኝ።

እኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባሏን የከሰሰች፣ በወንድሙ የተካደ፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ሁሉም እኔ ዘንድ መጥቶ ቁጣውን ይዘረግፋል፤ እኔም ተቀብዬ «በታላቅ አክብሮት» እያልኩ አለሰልስለታለሁ። የራሴን አቤቱታ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ አክብሮቱ ከበዛብዎ የእጅ ልማድ ነው፤ ከሥሩ የሚሻክር ነገር ከነካዎ ግን እሱ የራሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ የተላከ፣ ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተዋበ የጥሪ ካርድ ደርሶናል። ካርዱ ባለቤቴን በስሟ ጠርቶ፣ የክፍሉ «የዓመቱ ጎበዝ ታካሚ» ሆና በመመረጧ እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ፣ በበዓሉ ላይ ተገኝታ የምስክር ወረቀቷን ከእጅዎ እንድትቀበልና ልምዷን ለሌሎች ታካሚዎች እንድታካፍል ይጋብዛል። ከምሳው አስቀድሞም የነርሶች የዕውቀትና የአመለካከት ፈተና ውጤት በይፋ እንደሚገለጽ ያበሥራል። ባለቤቴ ጥሪ አክባሪ ሴት ስለነበረች ከሁሉ ቀድማ ትገኝ ነበር። ሆኖም በእርስዎ ክፍል፣ በእርስዎ አልጋ ላይ፣ «ጎበዝ ታካሚ» የሚለው ካርድ ከራስጌዋ በላይ እንደተሰቀለ ስለሞተች ልትመጣ አትችልም። ልምዷን ለማካፈልም በሚያመች ሁኔታ ላይ አይደለችም።

ይህን አለማወቅዎ አላስገረመኝም። ዝም ያለ ሰው ይኑር ይሙት በእርስዎ ቤት ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

ደብዳቤውን ማንም እንዲያነበው ግልጽ አድርጌ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። እኔም በሚመጣው ሰኞ በዚያው ማዕከል፣ በዚያው ክፍል ልተኛ ነው። ከልቤ በሮች አንዱ አልዘጋ ብሏል፤ ሐኪሙ ሳይቀደድ አይሆንም ብለዋል፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህን የሚሠራ ሌላ ቤት ደግሞ የለም። አንዲት ልጃችን የእናቷን አስከሬን ከዚያ በር ተቀብላለች፤ አባቷ በእግሩ እንዲወጣላት ትፈልጋለች። እኔም እፈልጋለሁ። እናም አልጋዬን ከመያዜ በፊት ስለ ተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ካርዱን ስለፈጠሩልን አመሰግናለሁ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዲገባው ላስረዳ። በዚያ ክፍል የሚተኛ ሰው ሁሉ ደረቱ ተከፍቶ ልቡ የተጠገነለት ነው። ደረቱ ላይ ረጅም ስፌት አለው፤ ከስፌቱ በታች ደግሞ የተረፈው ደምና ፈሳሽ የሚወርድበት ቱቦ ወጥቶ አልጋው ሥር ካለ ጠርሙስ ይገባል። ከእያንዳንዱ ራስጌ በላይ አንድ ምስማር አለ። በየሳምንቱ ለአንድ ታካሚ ብቻ፣ አበባ የተሳለበት ቢጫ ካርድ በምስማሩ ላይ ይሰቀላል። መመዘኛውን ተረኛዋ ሲስተር እኛ የገባን ዕለት በፈገግታ ነገሩን፤ የማይጣራ፣ የማያቃስት፣ ጥያቄ የማያበዛ፣ አስታማሚው በር ላይ የማይገተር። የታካሚው ልብ እንዴት እንደሚመታ በመመዘኛው አልተካተተም።

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነበረች። አርፈው ለተቀመጡ ልጆች ደብተራቸው ላይ ኮከብ ስትለጥፍ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ካርዱ ራስጌዋ ላይ የተሰቀለ ዕለት በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ለሰው ልጅ ስትሰጥ የኖረችው ኮከብ በስተርጅና ለእሷም ደረሳት፤ እንዳይነጠቅባት ደግሞ ልክ እንደ ተማሪዎቿ ተጠነቀቀች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ወደ እሷ አልጋ ዝንብም ሆነ ነርስ ዝር አላለም።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴን ከሱስ ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። የደረት አጥንቷ በመጋዝ ተከፍሎ በሽቦ የታሰረ ሴት የታዘዘላትን የሕመም ማስታገሻ ብትጠይቅ፣ ሲስተር ድምፃቸውን አለስልሰው ይኼ ነገር ሱስ ይሆንብሻል፣ ጠንከር በይ፣ አንቺ እኮ ጎበዛችን ነሽ አሏት። መድኃኒቱን ያዘዙት ሐኪም ይህን የመሰለ አደጋ ሳይታያቸው በመቅረቱ ሳያፍሩ አይቀሩም። እነሆ ባለቤቴ ያለ አንዳች ሱስ ተቀብራለች፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ኮርቶባታል።

በጠያቂ ሰዓት ጎንበስ ብዬ ሳነጋግራት፣ ደረቴን እያቃጠለኝ ነው፣ ግን እንዳትነግርብኝ፣ ካርዱን ያወርዱብኛል ብላ በሹክሹክታ ለመነችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሕፃናት ስታስቆጥር የኖረችው እሷው ነበረች። ልመናዋን አልሰማሁም፤ ሄጄ ነገርኩ። ሲስተር በእኔ ትከሻ አሻግረው ካርዱን አዩና፣ እሷ ምንም አላለችም፣ እርስዎን ነው የጨነቀዎት ብለው መለሱኝ። ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ውስጥ የታወቀው በሽተኛ እኔ ሆንኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ አነሳሳቸው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለታችንንም አስቀምጠው፣ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ማንም እጇን ስቦ ወይም ብብቷ ሥር ገብቶ እንዳያነሳት፣ ስትስልም ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ በደንብ እንድትስል፣ አክታ ሳንባዋ ውስጥ እንዳይቀርባት አስጠንቅቀውን ነበር። ሲስተርና አንዲት ባልደረባቸው ግራና ቀኝ ብብቷ ሥር ገብተው እንደ ጀሪካን ብድግ አደረጓት። ትራሱን በተመለከተ ክፍሉ የነበረው ትርፍ ትራስ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሲስተር የሚቀመጡበት ወንበር ስለሚቆረቁራቸው በሥራ ላይ ነበር። ባለቤቴም ሳሏን ዋጠችው። ክብርት ሆይ፣ ሳል መዋጥ ይቻላል፤ እርስዎ ግን አይሞክሩት። ሲስተርም ዛሬማ ሳሉ ለቀቃት ብለው አሞገሷት።

አራተኛ፣ ስለ ደወሏ። ራስጌ ላይ ያሉት የመጥሪያ ቁልፎች ከተበላሹ ስለቆዩ ለክፍሉ በሙሉ የቀረችው አንዲት የእጅ ደወል ናት። መጀመሪያ ባለቤቴ ኮመዲኖ ላይ ነበረች። አንድም ጊዜ ስላልደወለቻት አንቺ አትጠቀሚባትም ተባለና ከጎኗ ለተኛችው ታካሚ ተሰጠች፤ የሴትዮዋን ድምፅ ከመስማት የደወሏ ይሻላል በሚል።

ይህችን ሴትዮ ማስተዋወቅ ይኖርብኛል። በገበያ ሽንኩርትና ድንች ቸርቻሪ ናት። ደንበኛ ከማዶ እየጠራች የኖረች ስለሆነ ጉሮሮዋ ለመኝታ ክፍል አልተሠራም። ነርሶቹ ሬዲዮ አሏት፤ ከተከፈተች አትዘጋማ። ሬዲዮ ጠርሙሴን እዩልኝ ትላለች። ሬዲዮ የመድኃኒቴ ሰዓት አለፈ ትላለች። ሬዲዮ ይኼ ክኒን ትናንት ቢጫ ነበር፣ ዛሬ በምን ምክንያት ነጣ ትላለች፤ ክኒኑም ሲታይ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቶ ተመልሷል። ብብቷ ሥር ሊገቡ ለመጡት ነርሶች ምን እንዳለቻቸው ለክብርትነትዎ መጻፍ አይገባኝም። ካርድ ቀርቶ የካርድ ጥላ አላገኘችም። ዛሬ ሬዲዮ የገበያውን ዳገት በእግሯ ትወጣለች፤ ስታርፍም ስልክ ደውላ ጆሮዬን ትበላኛለች። ዕድሜ ይስጣት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

አምስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ወንበር ቢስቡ ይሻላል።

ያን ዕለት ጠዋት ስገባ ሲስተር በር ላይ በደስታ ተቀበሉኝ። ከባለቤቴ ደረት ሲንጠባጠብ የሰነበተው ደም ከማለዳ ጀምሮ ቀጥ ብሏል። ጠርሙሱን ከወለል አንስተው እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው አሳዩኝና፣ ደረቀላት፣ እሰይ፣ ነገ ቱቦው ይወጣል አሉኝ። ያ ጠርሙስ ከታካሚው ደረት በላይ መነሳት እንደሌለበት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኔ የማውቀው ደም ሲፈስ ክፉ፣ ሲቆም ደግ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ማንም ያልተማረ ሰው ያውቃል፤ ከዚህ ያለፈውን እንዲያውቁልን ነው የተማሩት ከጎናችን የሚቆሙት። የሲስተርን እጅ በሁለት እጄ ይዤ አመሰገንኳቸው። ባለቤቴም ተኝታ እንዳለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ይህን ምስጋና ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቱቦው አልደረቀም ነበር፤ ተደፍኖ ነበር። የረጋ ደም መውጫውን ስለዘጋበት የሚፈሰው ደም ወደ ውስጥ ቀርቶ ልቧን ዙሪያውን እየከበባት ነበር። ሐኪሙ በኋላ አንድ እጃቸውን ጨብጠው በሌላው እጃቸው አጥብቀው ይዘው አሳዩኝ። የታፈነ ጡጫ እንደማይከፈት ለመረዳት ሕክምና መማር አያስፈልግም።

ከምሳ በኋላ ፊቷ አመድ መሰለ። የአንገቷ ሥር ተገታተረ፤ እጇን ብይዘው ቀዝቃዛ ላብ ነው። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ አለችኝ። ይህን ልናገር ስነሳ ሲስተር እያጨበጨቡ መጡና ዛሬ የፈተና ቀን ስለሆነ ጠያቂ በሙሉ እንዲወጣ አዘዙ። ነገርኳቸው። ዞር ብለው አዩዋት፤ ባለቤቴም ከካርዷ ሥር ሆና ፈገግ አለችላቸው። ፈገግታዋ በቂ ምርመራ ሆኖ ተቆጠረ፤ እኔ ወጣሁ፣ በሩም ተዘጋ።

ክብርት ሆይ፣ ነርሶቹን በበሩ መስታወት አየኋቸው። ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ስለ ባለቤቴ የሚጽፉ መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። ደግሞም አልተሳሳትኩም። የሚሞሉት ቢሮዎ አዘጋጅቶ የላከውን፣ «ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለታካሚ በሚደረግ እንክብካቤ የነርሶች ዕውቀትና አመለካከት» የሚለውን መጠይቅ ነበር።

በውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ጎረቤቷን ስታይ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗን ወደ ጠርሙሱ ብትጥል ጠብ የሚል ነገር የለም። ጮኸች። ሲስተር ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ፈተና ላይ ነን፤ አንቺ ደግሞ የራስሽን ጠርሙስ ጠብቂ» አሏት። ደወሏን አንስታ ታቃጭል ጀመር፤ ሊቀሟት ቢመጡ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሸሸገቻት። ሊቀሟት የመጡት ነርስ በባለቤቴ አልጋ በኩል አልፈው መምጣታቸውንና በዚያው በኩል አልፈው መመለሳቸውን ሬዲዮ በየአምላኩ እየማለች ነግራኛለች። ወዲያው አንደኛዋ ነርስ ለባልደረቦቿ አንድ ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበች፤ ከታካሚው ደረት የሚወጣው ፈሳሽ በድንገት ቢቆም ምን ታደርጋለህ የሚል ነበር። ሬዲዮም ከአልጋዋ ሆና በሙሉ ድምጿ «ሐኪም ጥሩ» አለቻቸው። ነርሶቹ ሳቁ፤ እስክሪብቷቸውም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ባለቤቴ አልተጣራችም። ለመጣራት የሚበቃ ትንፋሽ እንዳልቀራት እርግጠኛ ነኝ፤ ቢቀራት ኖሮስ ትጣራ ነበር ወይ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ ነው ዞር ብለው ያዩዋት። ከዚያማ ሩጫ ሆነ። ጋሪ መጣ፣ መብራት መጣ፣ ሐኪሙ የታጠቡት እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ፤ ደረቷ አልጋዋ ላይ እንዳለች ዳግም ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እኔን ሲያስገቡኝ አንሶላው እስከ አገጯ ተስቦ፣ ቢጫው ካርድ በምስማሩ ላይ እንደነበረ ነበር። ሲስተር አለቀሱ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ አልክድም። «ምንም እኮ አላለችንም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ ቤት የተሰጠኝ ማብራሪያ ይህችው አረፍተ ነገር ብቻ ናት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ የዚህ ሳምንት ነው። ለራሴ ቀዶ ሕክምና ደም ልሰጥና ልመረመር መጥቼ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊቴ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለበዓሉ አሸብርቆ አገኘሁት። የፈተናው ውጤት ከነጥያቄዎቹና ከነትክክለኛ መልሶቻቸው በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። በአመለካከት ክፍሉ «ሕመም አለብኝ የሚልን ታካሚ አምናለሁ» ለሚለው ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ብለዋል። እኔም በጣም እስማማለሁ፤ ሕመም አለብኝ የሚለው ታካሚ ካርዱን መነጠቁ ብቻ ነው ያላስማማኝ። በዕውቀት ክፍሉ ደግሞ ያ ጥያቄ አለ። ትክክለኛ መልሱም ከሥሩ ተጽፏል፤ ቱቦው ተደፍኖ ደም ልብን ሊያፍን ስለሚችል ወዲያውኑ ለሐኪም ማሳወቅ። ከሰሌዳው ራስ ላይ፣ ሁሉንም ጥያቄ በትክክል የመለሱ ተብሎ፣ የእኛው ሲስተር አበባ ታቅፈው የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። ከሰሌዳው ግርጌ ፈተናው የተሰጠበት ቀን ተጽፏል። ቀኑን ሳላነበው አውቀዋለሁ፤ መቃብሯ ላይ አስቀርጬዋለሁ።

ሲስተር መልሱን ከታካሚ ኮርጀዋል ብዬ ስማቸውን ላጠፋ አልፈልግም። ፎቶግራፋቸውን ሳየው ያውቁት እንደነበር አምኛለሁ። ሆኖም በእርስዎ በኩል አንድ ውለታ ተሠርቶብኛል፤ ይኸውም እስከዚያች ቀን ድረስ ባለማወቃቸው ነው የሞተችው እያልኩ እጽናና ነበር። ያላወቀ ሰው ይማራል፤ ያላወቀን ሰው ይቅር ማለትም ይቻላል። እርስዎ ማወቃቸውን በሙሉ ነጥብና በፎቶግራፍ አስደግፈው አረጋገጡልኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ አባቶች፤ በልብ ማዕከል ውስጥ ይህን ተረት ማንሳት ነውር እንደማይሆንብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። መልሱ በሲስተር እጅ ሲጻፍ፣ ጥያቄው ከጀርባቸው አልጋ ላይ ይሞት ነበር።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። በመጀመሪያ፣ ያን ጠዋት የሲስተርን እጅ ይዤ የሰጠሁት ምስጋና ያለአግባብ የተሰጠ ስለሆነ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ምስጋና በምን መንገድ እንደሚመለስ አላውቅም፤ በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ የሰጠችውን ግን አይመልሱ፤ እሱ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ፣ በየፈተናው ያስታውሱት። ሌላው ልመናዬ ሰኞ ስገባ ከራስጌዬ በላይ ያለው ምስማር ተነቅሎ እንዲጠብቀኝ ነው። የኔ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ይነቀል። ሰው ደረቱን ከፍቶ ልቡን ከሰጣችሁ በኋላ ጨዋነትም ጨምሩልን ማለት ስግብግብነት ነው።

ለሠራተኞችዎም ድንገተኛ እንዳይሆንባቸው ጠባዬን ከወዲሁ ላሳውቅ። እኔ አቃስታለሁ። እጣራለሁ። ማስታገሻዬን በሰዓቱ እጠይቃለሁ፤ ሱስ ከያዘኝም ከነሱሴ እወጣለሁ። ብብቴ ሥር የገባን ሰው እናገራለሁ፤ ስስል ትራስ እፈልጋለሁ፤ ጠርሙሴ ሲሞላም ሲጎድልም፣ በተለይ ደግሞ ቀጥ ሲል፣ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ዝም አልልም። ፈተና ላይ ብትሆኑም ዝም አልልም። የምለው ነገር ጨዋነት ቢጎድለው በታላቅ አክብሮት እንደተባለ ተቆጥሮ ይያዝልኝ።

እውነቱን ከፈለጉ ፈርቻለሁ። የፈራሁት ቢላዋውን አይደለም፤ የሐኪሙን እጅ አምነዋለሁ፣ ባለቤቴም ከዚያ እጅ በሕይወት ወጥታለች። የፈራሁት ከቢላዋው በኋላ ያለውን፣ ያን ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ መጋረጃው የተጠቀለለ ክፍል ነው። ልጃችን እናቷ ኮከብ እየለጠፈች ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ትናንት ሻንጣዬን ስታዘጋጅልኝ ቆይታ፣ ፒጃማዬን አጥፋ ሳትጨርስ እጇ ላይ ይዛው፣ «አባዬ፣ እባክህ እዚያ ስትገባ ጨዋ እንዳትሆን» አለችኝ። ቃል ገብቼላታለሁ። ይህን ደብዳቤም ለቃሌ ምስክር እንዲሆነኝ በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

የእጅ ልማድ አልለቅ ብሎት በታላቅ አክብሮት የሚሰናበትዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ በክፍልዎ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ መጥፎ ታካሚ ለመሆን ቆርጦ የተነሳ፣

የጎበዟ ታካሚዎ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሽልማቱ በዓል እኔ በተኛሁበት ሳምንት ስለሚውል የባለቤቴን የምስክር ወረቀት ራሴ መጥቼ መቀበል አልችልም። በማዕከሉ ደንብ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ ስለሚፈቀድ ግን፣ የኔዋ አስታማሚ ወደ አዳራሹ ወርዳ በባለቤቴ ስም ትቀበላለች፤ በጥሪው ላይ የተጠየቀውን ልምድ የማካፈል ንግግርም እሷው ታደርጋለች። ሠራተኞችዎ በደንብ ያውቋታል፤ ሬዲዮ ናት። ክፍሉ ጠፋችብኝ ብሎ ሲፈልጋት የከረመውን የእጅ ደወልም ይዛ ትመጣለች። ማይክራፎን እንዲያዘጋጁላት አልጠይቅም።